ጀርባው አሸዋ ላይ

«ከሜዳው ደግፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ቢራም፣ የቡና ስኒያቸውን ከፍ አድርገው። «በእነዚህ እጆቼ! ‹አይዞህ ላቲር፣ አሸዋው ነው የከዳህ፣ እኛ አንከዳህም› አልኩት። ትከሻዬ ላይ ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።»

ግቢው ውስጥ በተነጠፉት ሰሌኖች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዱ «እኔም እዚያ ነበርኩ» አለ። ሌላው «ሁላችንም ነበርን» አለ።

ዲቦር ቡና እየቀዳች ነበር። ቅመም የበዛበት ጥቁር ቡና ከስኒው ገንፍሎ ጣቷን ሲያቃጥላት ነው ማንቆርቆሪያውን ቀና ያደረገችው። እርግጥ ነው፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። እሷም ነበረች፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። አባቷ ያን ቀን አላለቀሰም። ማንም አልደገፈውም። ጋሽ ቢራም በዚያች ሰዓት የት እንደነበሩም ታውቃለች፤ የመንደሩን ሰው በጫነው መኪና ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን፣ ግማሽ ገላቸውን በመስኮት አውጥተው እያጨበጨቡ ነበር።

«ትንሽ ስኳር ጨምሪልኝ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ቢራም።

ጨመረችላቸው።

ላቲር ንዶንግ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ንዲዮማ በጨው ውኃና ማንግሮቭ በሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ ሥር መካከል የተቀመጠች ትንሽ መንደር ናት፤ ለቀስተኛው ግማሹ በጀልባ፣ ግማሹ በፈረስ ጋሪ ይመጣል። በሩ ላይ ሲደርስ «ቀና በሉ» ይላል። ከውስጥ ያሉት «እናንተም ቀና በሉ» ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ ይቀመጣል፣ ቡና ይቀበላል፣ ስለ ላቲር ያወራል። «ማዕበል ነበር እኮ!» ይላል። ሌላው ይቀበላል። «ማዕበል ነው እንጂ!»

ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ስም በዚህ ግቢ በር ላይ የጠራ ሰው አልነበረም።

ስሙን ያወጣችው የዲቦር እናት ተኒንግ ናት። የንዲዮማ ሰዎች ሴሬሮች ናቸው፤ በሴሬሮች አገር አሸዋ ላይ ትግል የሚገጥም ሰው ጉልበት ብቻ ስላለው ታጋይ አይባልም። የክብር ዘፈን የምታወጣለት ሴት ያስፈልገዋል። እሷ ስንኙን ትጥላለች፣ ሕዝቡ በታጋዩ ስም ይመልሳል። መመለስ ደግሞ እንደ ፈለጉ የሚተዉት ነገር አይደለም። የክብር ዘፈን ተዘፍኖለት መልስ ያጣ ሰው፣ በአደባባይ «ክብር የለህም» እንደተባለ ይቆጠራል። ተኒንግ ላቲርን ሳታገባው በፊት ነው የዘፈነችለት፤ አንዳንዶች ያገባት በዘፈኑ ምክንያት ነው ይላሉ፣ እሱ ግን «በዓሣ ሾርባዋ ነው» ይል ነበር።

*ማዕበል ነው ላቲር ከባሕር የመጣ፣*
*የያዘውን ሁሉ ጥሎ የሚወጣ።*

ይቺን ዘፈን ጨው የሚጭኑ ሴቶች፣ መረብ የሚጎትቱ ወንዶች፣ ማሽላ የሚጠብቁ ልጆች ይዘፍኗት ነበር። ከአዝመራ በኋላ የትግል ወቅት ሲመጣ፣ ላቲር ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ሲሄድ ሴቶች የለበሱትን ኩታ እያወለቁ መንገዱ ላይ ያነጥፉለታል። ዲቦር ያንን ታስታውሳለች። አባቷ እየረገጠ ማለፍ ያፍር ስለነበር፣ ኩታዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እየመረጠ እንደ ሽመላ ይራመድ ነበር።

ጋሽ ቢራም ቡናቸውን ጨርሰው ተጠጓት። የመንደሩ የትግል ሜዳ ኃላፊ እሳቸው ናቸው።

«ዲቦር ልጄ፣ አንድ ጉዳይ አለን። ትምህርት ቤቱ ጎን አዲስ ሜዳ መሠራቱን አይተሻል። ስሙን የላቲር ሜዳ ልንለው ነው። በስምንተኛው ቀን፣ ቁርአኑ ተቀርቶ ሲያበቃ፣ ከአስተዳደር ሰዎች ይመጣሉ። እዚሁ ግቢ ውስጥ እናስታውቃለን።»

«መልካም፣ ጋሼ።»

«ዘፈኑን ትዘፍኚልናለሽ። እናትሽ ሐዘን ላይ ናት፣ ከቤት አትወጣም። ድምፅሽ ደግሞ ቁርጥ የእሷ ነው።»

«የትኛውን ዘፈን?»

«እንዴት የትኛውን? ማዕበሉን ነዋ!»

«ሌላም አለ እኮ ጋሼ።»

ጋሽ ቢራም ዓይኗን አላዩም። የስኒያቸውን ቂጥ አዩ። «ሌላ አላውቅም» አሉ።

ዲቦር ግን ታውቃለች።

ውድድሩ ከተማ ውስጥ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። የአባቷ ተጋጣሚ ከደሴቶቹ የመጣ ስሙ ያልታወቀ ልጅ እግር ነበር። መንደሩ ለማየት ሳይሆን ለማሸነፍ ነበር የሄደው፤ ዳስ ተጥሎ፣ በግ ታርዶ ነው ከቤት የተወጣው። ሁለቱ ተያያዙ። ላቲር እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ የልጁን ወገብ ፈለገ። ልጁ ግን ወገቡን አልሰጠውም፣ ዞሮ ጎኑ ላይ ተገኘ። ዲቦር አክስቷ ትከሻ ላይ ሆና የአባቷን ሁለት እግሮች አየር ላይ አየች። እግሮቹ ነጭ ነበሩ፣ በአሸዋ። ከዚያ ድምፁን ሰማች፤ እርጥብ መረብ ጀልባ ውስጥ ሲወረወር የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ።

ከዚያ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ አዲስ ዘፈን ተነሣ። ከበሮው ተቀበለ። በማዕበሉ ዜማ ነበር።

*ማዕበሉ መጣ ሲሉን ወጥተን ብናይ፣*
*ጀርባው አሸዋ ላይ፣ ዓይኑ ወደ ሰማይ።*

ሲወጡ መኪናው ጥሏቸው ሄዷል። ሦስቱ በእግራቸው ነው የተመለሱት፣ አባቷ፣ እናቷና እሷ። ዲቦር ያን ቀን ከጉዞው ሁሉ የማትረሳው፣ ነዳጅ ሊቀዳ ቆሞ የነበረው መኪና ከኋላ ደርሶ ሲያልፋቸው ነው። የመንደሩ ሰው በሙሉ ላዩ ላይ ነበር። ይዘፍናል። ትላንት ኩታ ያነጠፉት ሴቶች ጭምር። አባቷ አቧራው እንዳይነካት ወደ ሌላው ጎኑ አዛወራትና እጁን አንሥቶ መኪናውን ተሰናበተው። ሰላምታ ለሰጠው ሰው አጸፋ እንደሚመልስ ሁሉ።

ከዚያ ወዲህ በንዲዮማ የሚደፋ፣ የሚገለበጥ፣ የሚጋደም ነገር ሁሉ «ላቲር ሆነ» ይባላል። ጀልባ ሲገለበጥ፣ ባልዲ ሲደፋ፣ ሰካራም ሲወድቅ። ትምህርት ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ሲገለበጥ ልጆቹ ወደ ዲቦር ዞረው ይስቁ ነበር። አንድ ቀን እያለቀሰች ቤት መጣችና አባቷን ሻይ ሲጠጣ አገኘችው። ነገረችው። ሰማት። ሻዩን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ ደፋና «ወይኔ፣ ይሄም ላቲር ሆነ!» አላት። እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሜዳ ረግጦ አያውቅም፤ ጀልባ ይሠራል፣ የሰው ጀልባ ይጠግናል፣ ለሚስቱ ዓሣ ማጨሻ እንጨት ይፈልጣል። ያ ነው አባቷ። የቀረውን እነሱ ናቸው የሚያወሩት።

«እኔ አልዘፍንም፣ ጋሼ» አለች ዲቦር።

«ተይ እንጂ ልጄ። ለሙት ነው።»

«ለሙት ነው ስላሉ ነው የማልዘፍነው።»

ጋሽ ቢራም ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ በሩ ላይ ጩኸት ተነሣ።

«የት አሉ እነዚያ አሽከሮቼ? እመቤታቸው መጥታለች፣ ተነሥታችሁ አትቀበሉኝም?»

ፔንዳ ናት፣ ወተት ሻጯ። የፔንዳ ወገኖች ከብት አርቢዎች ናቸው፤ በእነሱና በሴሬሮች መካከል ከጥንት ጀምሮ የመሳደብ ዝምድና አለ። በሠርግም በለቅሶም አንዱ ሌላውን «አሽከሬ» ይለዋል፣ ሆዳምነቱን ያወራበታል፣ የሞተውን ሰው እንኳ ይቀልድበታል። የተቀለደበት ሰው መቆጣት አይችልም። ሥጦታ ሰጥቶ ይሸኛል። ቀላጇም በበኩሏ በዚያ ቤት ማልቀስ አይፈቀድላትም። ፔንዳ የላቲርን አሮጌ የገለባ ባርኔጣ ከግድግዳው ላይ ነጥቃ አድርጋለች፤ ሰፊ ሱሪውንም ከገመዱ ላይ አውርዳ ቀሚሷ ላይ ታጥቃዋለች።

«ሩዝ አለ ሲሉኝ ነው የመጣሁት» አለች ግቢው መካከል ቆማ። «ሰው ሞቷል ያለኝ የለም። ማን ነው የሞተው?»

«ላቲር ነው፣ ፔንዳ» አለች አንዲት ሴት እየሳቀች፣ ዓይኗን እያበሰች።

«ላቲር? ውሸት ነው! ተኝቶ ነው። መተኛት ከድሮም ይወዳል። ከተማው ሜዳ ላይ ሰው ሁሉ እያየው አይደል እንዴ የተኛው!» አለችና ዘርፈጥ ብላ በጀርባዋ አሸዋው ላይ ወደቀች። እጆቿን ዘረጋች። ባርኔጣው ተንከባለለ። ተኝታ፣ ዓይኗን ሰማይ ላይ ተክላ፣ በወፍራም ድምፅዋ ዘፈነችው።

*ማዕበሉ መጣ ሲሉን ወጥተን ብናይ፣*
*ጀርባው አሸዋ ላይ፣ ዓይኑ ወደ ሰማይ።*

ሳቁ ተቋረጠ። ስኒዎች ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። ሰዎቹ አንዱ ሌላውን ሳያይ መሬት መሬት አዩ።

«ይሄ የእኛ ዘፈን አይደለም!» አሉ ጋሽ ቢራም። «የደሴቶቹ ሰዎች ናቸው ያወጡት። እኛ አፋችንን አልከፈትንበትም!»

ፔንዳ ከተኛችበት ራሷን ቀና አደረገች። «የደሴቶቹ? ታዲያ ባለፈው ገበያ የወተት ቅሌ ሲገለበጥ ‹የፔንዳ ቅል ላቲር ሆነ› ያልከኝ አንተ ነህ ወይስ መንታ ወንድም አለህ?»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ግን ከቤቱ ውስጥ፣ መጋረጃው ከተጋረደበት መስኮት፣ አንድ ድምፅ መጣ። ዲቦር መጀመሪያ እናቷ የምታለቅስ መሰላት። ጆሮዋን አቀናች። አልነበረም። ተኒንግ እየሳቀች ነበር፤ አፏን በኩታ አፍና፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት።

ዲቦር ለፔንዳ ሩዝና ስኳር ቋጥራ በር ድረስ ሸኘቻት። መቆጣት አትችልም፣ አልተቆጣችም። ፔንዳ ቋጠሮውን ጭንቅላቷ ላይ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንዳንዱ ነገር በለቅሶ ካልተነሣ መቼም አይነሣም፣ አሽከሬ» ብላት ሄደች።

በማግስቱ ከንጋት ጸሎት በኋላ ዲቦር ለእናቷ ገንፎ ይዛላት ገባች። ተኒንግ ፀጉሯን ፈትታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር።

«እማ፣ ትላንት ለምን ሳቅሽ?»

«ፔንዳ ተኝታ ሳያት ቁርጥ አባትሽን መሰለችኝ። እግሯ እንኳ እንደሱ ተገልብጦ!» አለችና እንደገና ፈገግ አለች።

«እኔ አላሳቀኝም። ያንን ዘፈን ያወጣውን ሰው ባገኘው…»

«አግኝተሽዋል።»

«ማን ነው? ጋሽ ቢራም ናቸው?»

«ቢራም ስንኝ አያውቅም፣ የኔ ልጅ። ቢራም የሰማውን ነው የሚያስተጋባው።» ተኒንግ ሳህኑን ተቀበለቻት፣ ግን አልበላችም። «እኔ ነኝ።»

ዲቦር ቆማ ቀረች።

«ተቀመጪ። ቆመሽ አትሰሚውም።»

ተቀመጠች።

«ዘፋኝ ታጋይዋ ሲጥል ብቻ አይደለም የምትዘፍነው። ያንንማ ማንም ይዘፍናል። ሲወድቅ ነው የምታስፈልገው፤ አጠገቡ ቆማ ታነሣዋለች። እሱ ሲወድቅ ሮጥኩ። ሜዳው ዳር ደረስኩ። እንግዲህ ሰውዬው ተኝቷል፣ ሕዝቡ ያየዋል። አልወደቀም ብዬ ብዘፍን ማን ይሰማኛል? መጀመሪያ መውደቁን አልኩት። በመጀመሪያው ስንኝ አስተኛሁት፣ በሁለተኛው ላነሣው። እንደዚያ ነው የሚሠራው። መካከል ላይ ተነፈስኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነጠቁኛ! ሳቁ። የመጀመሪያውን ወሰዱት፣ ከበሮው ተቀበላቸው፣ ሜዳው ሙሉ ሆነ። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ሁለተኛው አፌ ውስጥ ነው። ብጮህ የሚሰማኝ የለም። ትንፋሼ ነው የጎዳው። ባልተነፍስ ኖሮ አያመልጡኝም ነበር።»

ዲቦር የመኪናውን አቧራ አሰበች፣ የአባቷን የተነሣ እጅ አሰበች። «አባዬ ያውቅ ነበር? ያንቺ መሆኑን?»

«እግሬ ሥር እኮ ነው የተኛው። ከማንም በፊት የሰማኝ እሱ ነው። ቤት እንደገባን እግሩን ታጥቦ ተቀመጠና ‹እስቲ ቀሪውን› አለኝ። ዘፈንኩለት። እንደገና አለኝ። እንደገና ዘፈንኩለት። ‹ነገ አደባባይ ወጥቼ እዘፍነዋለሁ› ብለው ‹ተዪ› አለኝ። ‹እነሱ የወሰዱት ይበቃቸዋል። ይሄ የእኔ ይሁን። የወደቅኩት እኔ፣ የምሰማው እኔ።› ሃያ ዓመት ለሱ ብቻ ዘፈንኩት። አንቺ ከእንቅልፍ እንዳትነቂ በጉሮሮዬ ነበር የምለው። ጀልባ ሠርቶ ቀለም ቀብቶ ሲገባ፣ ሲከፋው፣ አንዳንዴ ደግሞ በጣም ደስ ሲለው ‹እስቲ ቀሪውን› ይለኛል።»

ከውጭ ጋሪ ቆመ፣ «ቀና በሉ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁለቱም አልተነሡም።

«እንግዲያው ዘፈኑ አብሮት ይሂድ» አለች ዲቦር። «ለእነሱ አይገባቸውም።»

«አይገባቸውም። ግን ለእነሱ ብዬ አይደለም። ያ ዘፈን ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ቤት ሆኖ ነው የኖረው። አባትሽን ግማሹን ብቻ ነው የቀበርነው። አሁን ደግሞ ሰምተሻል፣ አልወደቀም ሊሉ ነው። ማዕበል ብቻ ሊያደርጉት ነው። እኔ ያገባሁት ማዕበል አይደለም። የወደቀውንም ነው ያገባሁት።» ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። «እኔ አልወጣም። አንቺ ትዘፍኛለሽ፣ ሙሉውን።»

«ባይመልሱስ?»

«በለቅሶ ቤት ዘፈኑ መልስ ካጣ፣ ሁለተኛ ወደቀ ማለት ነው። ከዚያ የሚያነሣው የለም። ስለዚህ አትተንፍሺ። ከመጀመሪያው ስንኝ ወደ ሁለተኛው ስትሄጂ ሰማይ ቢደፋ እንዳትተነፍሺ።»

ዲቦር ድስት እያጠበች፣ ውኃ እየቀዳች፣ ዓሣ እየከተፈች ተለማመደችው። አራቱን መስመር በአንድ ትንፋሽ ማለት ከባድ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሦስተኛው መስመር ላይ ተቋረጠባት። በኋላ ቃላቱን ከደረቷ ሳይሆን ከሆዷ ማንሣት ለመደች። እናቷ በመጋረጃው ውስጥ ትሰማትና ግድግዳውን በጣቷ ትመታለች፤ አንዴ ስትመታ «እንደገና» ማለት ነው። በሰባተኛው ቀን ማታ አልመታችም። ዲቦር ለጋሽ ቢራም «እዘፍናለሁ» ብላ ላከችባቸው።

በስምንተኛው ቀን ግቢው ጠበበ። ሰው አጥሩን አልፎ እስከ ውኃው ዳር ቆመ። የቁርአኑ ንባብ አለቀ፣ ኢማሙ ዱዓ አደረጉ፣ ሕዝቡ አሜን አለ። ጋሽ ቢራም አዲስ ሰፊ የቡቡ ቀሚስ ለብሰው ተነሡ። ከአስተዳደር የመጡት እንግዶች ከፊት ወንበር ላይ ናቸው።

«ላቲር ንዶንግ የንዲዮማ ልጅ ነው!» አሉ ጋሽ ቢራም። «ንዲዮማ ናት ያሳደገችው፣ ንዲዮማ ናት ያልተለየችው! ጀርባው አሸዋ ነክቶ አያውቅም! ሜዳችን በስሙ ይጠራል። አሁን ልጁ ዘፈኑን ትላለች።»

ዲቦር ተነሣች። ነጭ ኩታዋን አስተካከለች፣ ከእናቷ መስኮት አጠገብ ቆመች፣ ዘፈነች።

*ማዕበል ነው ላቲር ከባሕር የመጣ፣*
*የያዘውን ሁሉ ጥሎ የሚወጣ።*

«ላቲር! ሆይ ላቲር!» አለ ሕዝቡ። መልሱ እንደ ነጎድጓድ ነበር። ሴቶች እልል አሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ቢራም ደረታቸውን ነፍተው ዙሪያቸውን አዩ፤ ሊቀመጡ ቡቧቸውን ሰበሰቡ።

ዲቦር አየር ሳበች። ሆዷ እስኪሞላ፣ ወገቧ እስኪወጠር ሳበች።

*ማዕበሉ መጣ ሲሉን ወጥተን ብናይ፣*
*ጀርባው አሸዋ ላይ፣ ዓይኑ ወደ ሰማይ…*

እጆች አየር ላይ ቆሙ። ጋሽ ቢራም ግማሽ ተቀምጠው፣ ግማሽ ቆመው ቀሩ። ከኋላ በኩል የጀመረ ሳቅ፣ የለመደ ሳቅ፣ አፍ ላይ ሲደርስ ሰማች። እናቷ የተነፈሰችባት ቦታ ይቺ ናት። ዲቦር ሳንባዋ ሲቃጠል ተሰማት፤ አልተነፈሰችም።

*…ሳቁ፣ ተጫወቱ፣ ዳር የቆማችሁ ሆይ፤*
*ያልታገለ ጀርባ አሸዋ ያውቃል ወይ?*

ከዚያ ተነፈሰች። ግቢው ውስጥ የተሰማው ያ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ማንም አልመለሰም። ሳቁ አፍ ላይ ደርሶ የሚሄድበት አጥቷል። ከኋላ የቆሙት ወጣቶች ይህን ስንኝ ሰምተው አያውቁም፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ የሰሙትን ግማሽ እያስታወሱ፣ ሌላው ግማሽ ምን ጊዜም እዚያው እንደነበረ እየገባቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ ከበሮ መቺ ሁለቱን እጆቹን አየ። ዲቦር ጠበቀች። ያ የከተማው ሜዳ ዓይኗ ላይ መጣ። አባቷ እግሮቹ አየር ላይ ናቸው፣ ገና አልወደቀም፣ ሊወድቅ ነው።

«አንተ ቢራም!» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከበሩ አጠገብ። ፔንዳ ናት። «ዘፈን ተጣለ እኮ፣ አሽከሬ! ምን ትጠብቃለህ? አፍህ ሩዝ ይዟል?»

የታፈነው ሳቅ ፈነዳ፤ በላቲር ላይ ግን አልነበረም። ጋሽ ቢራም ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሳቸው ሲዞር አዩ። እንግዶቹም ዞሩ። ቆባቸውን አወለቁ። አፋቸውን ከፈቱ።

«ላቲር!»

የከበሮ መቺው ተከተላቸው፤ ከበሮ በሌለበት፣ በባዶ እጁ ጭኑን እየመታ። «ሆይ ላቲር!»

ከዚያ ሁሉም። አጥሩ ውስጥ ያለው፣ አጥሩ ውጭ ያለው፣ ውኃ ዳር ጀልባ ይዞ የቆመው። «ላቲር! ሆይ ላቲር!» ዲቦር እንደገና ጣለችው፣ ሁለቱን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ፣ እንደገና መለሱ። ጋሽ ቢራም ከሁሉም በላይ ይጮኻሉ፣ እንባቸው ጺማቸው ላይ ወርዷል። ከልባቸው ይሁን ከሐፍረታቸው ዲቦር አላወቀችም። ነገ ደግሞ ሌላ ይሉ ይሆናል። ነገር ግን አሁን ይህን ብለውታል፣ ሙሉውን፣ ከነውድቀቱ። ከአሁን በኋላ ግማሹን ብቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው ቢኖር፣ ሌላውን የሚጨርስበት ሰው አይጠፋም።

በመጨረሻ እናቷ ለመዝጊያ የሰጠቻትን ስንኝ ጣለች።

*እኔስ የማዝንለት ሳይቆም ለቀረው ነው፤*
*ወደቀ የሚባል ቆሞ የነበረው ነው።*

መልሱ ውኃውን ተሻግሮ ማንግሮቩ ውስጥ ያሉትን ወፎች አስነሣ። ነጭ መንጋ ሆነው ከመንደሩ በላይ ዞሩ፣ ሕዝቡም ቀና ብሎ አያቸው። እንግዶቹ ጀልባ ሲሳፈሩ ቀዛፊዎቹ ዘፈኑን ይዘውት ነበር። ከደሴቶቹ የመጡትም ያዙት። እየራቀ ሲሄድ እንኳ ዲቦር ልቧን አንጠልጥላ አዳመጠች፤ የመጀመሪያው ስንኝ ሲያልቅ ሁለተኛው ወዲያው ይከተላል። ማንም መካከል ላይ አይቆምም።

ወደ ቤት ገባች። ውስጡ ጨለማ ስለነበር ዓይኗ እስኪለምድ ቆመች። ተኒንግ ምንጣፉ ላይ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀምጣለች፤ ፊቷ እንደ ልጃገረድ አብርቷል።

«መለሱ!» አለች።

«መለሱ፣ እማ።»

«ሰማሁ! ሁሉም! እስከ ውኃው ድረስ!» እጆቿን አጨበጨበች፣ ሳቀች፣ ወደ ቀኝ ጎኗ ፈጠን ብላ ዞረችና «ሰማህ፣ ላቲ…» አለች።

ቃሉን አልጨረሰችም። ከዚያ እጇን ዘርግታ፣ ማንም ያልተቀመጠበትን የምንጣፉን ጎን፣ ትንሽ የተጨማደደውን፣ በመዳፏ ቀስ አድርጋ አስተካከለችው።